እናቴ የሕመሟን ልክ ሳትሰማ ፒፕ ማመልከት ይቻላል? (ለንደን)

የማርያም_ልጅ | ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ ሀገር ያላችሁ፣ የቤኔፊት ነገር የምታውቁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። ጥያቄዬ ስለ ፒፕ ነው፤ መንግሥት ለታመመ ሰው ስለሚሰጠው ድጎማ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የቆሽት ካንሰር አለባት፤ ጉበቷም ላይ ደርሷል። ኬሞ ጀምራ ሰውነቷ አልቻለውም፣ ተቋረጠ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሊነግራት ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «ለልጆቼ ንገራቸው። እኔ መድኃኒቴን ልውሰድ፣ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል» አለችው። አስተርጓሚዋ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። እሱም አከበረላት። እኔንና ወንድሜን ሌላ ክፍል አስገብቶ ነገረን። ረጅም ጊዜ የለንም።

እማዬ ክሊኒንግ ሠርታ ነው ያሳደገችን። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አሁን ሥራ አቁማለች። እኔም ሰዓቴን ቀንሻለሁ። ኪራይ አለ፣ ማሞቂያ ቀን ከሌት ነው የሚሠራው፣ ሆስፒታል መመላለሻው ታክሲ ነው። የካንሰር ነርሷ ኮሪደር ላይ ይዛኝ «ኤስአር ዋን የሚባል ፎርም ልሙላላችሁ፣ በሱ ፒፕ ቶሎ ታገኛላችሁ» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ፎርሙ ዕድሜዋ ከ12 ወር ላያልፍ ይችላል ተብሎ የሚፈረምበት ነው። ክው አልኩ። ለነርሷ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

የምፈራው ደብዳቤውን ነው። እማዬ እንግሊዝኛ እንደልብ አታነብም፣ ቡናማውን ፖስታ ግን ከሩቅ ታውቀዋለች። እኔ ከሌለሁ የጎረቤትን ልጅ ጠርታ ታስነብበዋለች። አልሰማም ያለችውን ነገር ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ልትሰማ ነው?

ወንድሜ ደግሞ «መፈረሙ ራሱ ሟርት ነው፣ ተስፋ ቆረጥን ማለት ነው» ብሎ አኩርፏል።

ሳታውቅ ማመልከት ይቻላል?

---

አቤል_ብሪክስተን | ሰኞ ማታ

እግዚአብሔር ይማራት እህቴ። እኔ ለወገቤ ፒፕ አመልክቼ የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ስልክ ነው፣ ከዚያ ወፍራም ፎርም ይልኩልሻል፣ ከዚያ ምርመራ ይቀጥሩሻል። ወራት ነው የሚፈጀው። ስልኩ ላይም ታማሚው ራሱ መናገር አለበት ነው የሚሉት። ስለዚህ ሳታውቅ የሚሆን አይመስለኝም። ሲቲዝንስ አድቫይስ ሂጂ፣ በነፃ ያማክራሉ።

---

ሲስተር_ትዕግሥት | ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ግድም

እህቴ አይዞሽ። እኔ እዚሁ ለንደን የማስታገሻ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው።

አቤል ያለው ለመደበኛው ፒፕ ትክክል ነው። እናትሽ ግን በዚያ መንገድ አይሄዱም። ስፔሻል ሩልስ የሚባል አለ፤ ሕይወታቸው ወደ ማብቂያው ለተቃረበ ሰዎች ብቻ የወጣ ደንብ። ወፍራሙ ፎርም የለም። ምርመራ የለም። ሌላው ሰው የሚጠብቀው የሦስት ወር ቆይታም የለም። ስልክ ትደውያለሽ፣ ገና ሲያነሱ «በስፔሻል ሩልስ ነው የማመለክተው» ትያለሽ፣ ኤስአር ዋኑ ከሆስፒታል ይላካል፣ ያልቃል።

ያስደነገጠሽን «12 ወር» ላብራራ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ሐኪሙ «ትሞታለች» ብሎ ቀን ቆርጦ አይፈርምም። የሚጠየቀው በ12 ወር ውስጥ ሕይወቷ ቢያልፍ ይገርመው እንደሆነ ነው። «አይገርመኝም» ካለ በቂ ነው። ድሮ ደንቡ 6 ወር ነበር። ሐኪሞች 6 ወርን በእርግጠኝነት መናገር ስለሚከብዳቸው እየፈሩ ይተዉት ነበር፤ በተለይ የሞተር ኒውሮን (ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ የነርቭ በሽታ) እና የልብ ድካም ታማሚዎች ሳያገኙ ያልፉ ነበር። ማሪ ኪዩሪ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅትና የሞተር ኒውሮን ማኅበሩ ከ2018 ጀምሮ ተሟገቱ። በ2022 ለዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ለሚሰጠው ድጎማ)፣ ከኤፕሪል 3 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ለፒፕ ወደ 12 ወር ተለወጠ።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። አዎ፣ ይቻላል። በስፔሻል ሩልስ ሌላ ሰው ለታማሚው ሊያመለክት ይችላል፣ ታማሚው ሳያውቅም ቢሆን። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እንደ እናትሽ ያሉ ታማሚዎች መኖራቸውን አስበውበታል። የሚመጣው ደብዳቤ ፒፕ እንደተፈቀደና ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ «ስፔሻል ሩልስ» የሚል ነገር አይጻፍበትም። ኤስአር ዋኑንም ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ በኮምፒውተር በቀጥታ ይልከዋል። ቤት ውስጥ የሚገኝ ወረቀት እንዳይኖር ከፈለግሽ ነርሷን እንደዚያ ብለሽ ጠይቂያት። ሲደውሉ እንዳያነጋግሯቸው የራስሽን ቁጥር ስጪ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዴይሊ ሊቪንግ (ለዕለት ኑሮ) የሚባለው ክፍል ከፍተኛው ወዲያው ይሰጣል። በ2025/26 በሳምንት 110.40 ፓውንድ ነበር። ሞቢሊቲው (የመንቀሳቀሻው ክፍል) ለብቻው ይታያል። ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚራመዱ ሲጠይቁሽ የክፉውን ቀን ንገሪያቸው፣ የደህናውን ቀን አይደለም። የዚህ ከፍተኛው በዚያው ዓመት በሳምንት 77.05 ፓውንድ ነበር። ክፍያው በየሳምንቱ ይገባል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ካላቸው ፒፕ ስላገኙ አይቀንስባቸውም። ያው ኤስአር ዋን እዚያም ይሠራል፤ ሥራ ፈልጊ መባል ይቀራል፣ የጤና ጭማሪውም ሳይጠበቅ ይገባል።

ነገ ጠዋት ለነርሷ «እሺ» በያት። ለታመመ ሰው ሁሉም ሳምንት ውድ ነው።

---

ጋሽ_መኮንን | ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ለወንድምሽ ይቺን አስነብቢልኝ።

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔም ባለቤቴ ስትታመም «ፈርሙ» ሲሉኝ እጄ ተንቀጥቅጧል። ነገር ግን ወረቀቱ ዕድሜ አይቆርጥም። ዕድሜ የሚቆርጠው ሌላ ነው። ባለቤቴ ከተፈረመላት በኋላ ሁለት ፋሲካ አብረን ፈስከናል። አንድ ሰው መጥቶ «ስለቆየሽ ገንዘቡን መልሺ» አላላትም። በስፔሻል ሩልስ ሲፈቀድ ለሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ካለፈም እንደገና ያዩታል እንጂ ማጭበርበር አይባልም።

ተስፋ መቁረጥ ሌላ ነው፣ ገንዘቡን መቀበል ሌላ። በዚያ ገንዘብ እኮ ነው እኛ ቤቱን እያሞቅን፣ በታክሲ ቤተ ክርስቲያን እያደረስናት የቆየነው። በአውቶቡስ ቢሆን ኖሮ ቅዳሴ ማስቀደስ ያቆመችው ገና ድሮ ነበር።

እናትህ ሳትሰለች ለዚህ ሀገር ግብር የከፈለች ሴት ናት። ልመና አይደለም። የራሷ ነው።

---

ሰላም_ክሮይደን | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

በመጀመሪያ እናታችንን ይማርልን። ግን ልቃወም ነው፣ ይቅርታ።

ከታማሚ መደበቅ ደግ ነገር ተደርጎ ሲወራ ደስ አይለኝም። አባቴ ሲታመም አጎቶቼ «እንዳትነግሩት» ብለው ቤቱን በሙሉ አስማሉት። እሱ ግን ያውቅ ነበር። እኛ እንዳንጨነቅ ብሎ የማያውቅ መሰለ። እኛ እሱ እንዳይጨነቅ ብለን ዝም። አባትና ልጅ ሳንሰነባበት ቀረን። አዲስ አበባ ያለው ቤት በማን ስም እንደሚዛወር ሳይናገር ሞተ፤ እስካሁን ፍርድ ቤት ነን። ኑዛዜ የለ፣ ውክልና የለ።

ስለዚህ «ሳታውቅ ይቻላል» ማለት ብቻ አይበቃም። መብቷ ነው ማወቅ። የገንዘብ ጉዳይ ሲነሳ ያ አጋጣሚ ነው፣ ተጠቅማችሁ ንገሯት።

---

የማርያም_ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ መኮንን፣ ያሉትን ለወንድሜ አነበብኩለት። ምንም አልመለሰም፤ ስልኬን ተቀብሎ ደግሞ ለራሱ አነበበው።

ሰላም፣ በአባትሽ የደረሰው በጣም ያሳዝናል። የኛ ግን ትንሽ ይለያል። እኔ አልደበቅኳትም። እሷ ናት አትንገሩኝ ያለችው። ሐኪሙ ፊት፣ በራሷ አንደበት። ይህንን ትቼ በግድ ብነግራት ያ ደግሞ ሌላ በደል አይሆንም?

---

ሲስተር_ትዕግሥት | ማክሰኞ ማታ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በተለያየ ሰው ላይ። የሰላም አባት ሳይጠየቁ ነው የተወሰነባቸው። የማርያም ልጅ እናት ተጠይቀው መልስ ሰጥተዋል። አለማወቅን መምረጥም መብት ነው፤ እዚህ ሀገር ሐኪሞች ያንን ያከብራሉ። ቤተሰብ «አትንገሩት» ብሎ ሲያዘን ግን አንቀበልም። ታማሚው ራሱ «እየሞትኩ ነው ወይ?» ብሎ ቀጥታ ከጠየቀ ነርስ አትዋሽም። ይህን ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትናንት «አልሰማም» ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር ሊሰማ ይፈልግ ይሆናል። እኛ በሽተኛውን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለን ደጋግመን እንጠይቃለን። አንቺም በራስሽ መንገድ ጠይቂ። «እማዬ፣ ሐኪሙን የምትጠይቂው ነገር አለሽ?» በቂ ነው። «የለኝም» ካሉ እሺ። ዝም ካሉ ትንሽ ጠብቂ። ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።

ኑዛዜና ውክልናን ለማንሳትም ሞትን መጥራት የግድ አይደለም። «ሆስፒታል ስትተኚ ባንክሽን ማን ይከታተል?» ተብሎ መጀመር ይቻላል።

ስለ ፒፑ ምን ልበላቸው ላልሽው (በግል የጻፍሽልኝን ነው፣ ለሌላውም ስለሚጠቅም እዚህ ልመልስ)፣ መዋሸት የለብሽም። «ለታመመ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ነው፣ አመልክቼልሻለሁ» በያቸው። ይህ እውነት ነው። ሙሉው እውነት አይደለም፣ የጠየቁት ያህል ግን ነው።

ደግሞ አስተርጓሚ ሁልጊዜ ጠይቁ። ልጅ ሆኖ ማስተርጎም ከባድ ሸክም ነው። ሆስፒታሉም ዲደብሊውፒም (ቤኔፊቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት) በነፃ ያቀርባሉ። አንቺ ልጅነትሽን ያዢ።

---

ስሜ_ይቆይ | ረቡዕ ጠዋት

ሰላም። ክሩን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እኔ ሊድስ ነኝ። ባለቤቴ በትዳር ቪዛ ነው የመጣው፣ እኔ ዜግነት አለኝ። መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፣ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ አልቻለም። ሐኪሞቹ የሚሉት የናንተው ዓይነት ነው።

ቪዛው ላይ «የሕዝብ ገንዘብ አይነካም» ተብሎ ተጽፏል። ፒፕ ካመለከትን ቪዛው ይበላሻል ተባልኩ። ሌላ ሰው ደግሞ ለሚሞት ሰው ይፈቀዳል አለኝ። የቱን ልመን? ማታ እንቅልፍ የለኝም።

---

አድቮኬት_ኑርያ | ረቡዕ ከሰዓት

እህቴ፣ አላህ ሺፋውን ያምጣለት። እኔ የሕግ ምክር ማዕከል ውስጥ በቤኔፊት ጉዳይ ነው የምሠራው። ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ስፔሻል ሩልስ የቪዛውን ክልከላ አያነሳም። የሚያነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ፒፕ ለመጠየቅ ካለፉት ሦስት ዓመታት ሁለቱን እዚህ መኖር ያስፈልግ ነበር፣ ያ ለስፔሻል ሩልስ ይቀራል። ቪዛው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አሁን ባለበት ሁኔታ ፒፕ በስሙ እንዳታመለክቺ።

ነገር ግን ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ከደመወዙ የተቆረጠው ናሽናል ኢንሹራንስ የሚያስገኘው ገንዘብ «የሕዝብ ገንዘብ» ውስጥ አይገባም። እሱ የከፈለበት ነው። መጀመሪያ ከአሠሪው የሕመም ክፍያ፣ ኤስኤስፒ። እስከ 28 ሳምንት ነው። እሱ ካለቀ ወይም ካልተሰጠው ኒው ስታይል ኢኤስኤ፣ ታሞ መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት የሚከፍለው። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በቂ ኢንሹራንስ ከከፈለ ያገኛል፣ ቪዛውን አይነካም። ኤስአር ዋን ካለው ደግሞ መጠበቂያ ቀን የለም፣ ከመጀመሪያው ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል። በ2025/26 በሳምንት 140 ፓውንድ ገደማ ነበር። ስታመለክቺ «ኒው ስታይል» የሚለውን ቃል አትዝለይ። ያለዚያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ይወስዱሻል።

ሁለተኛው መንገድ ክልከላውን ማስነሳት ነው። በትዳር ቪዛ ላይ ያለ ሰው ኑሮው ወደ ችግር እየወደቀ ከሆነ «ቼንጅ ኦፍ ኮንዲሽንስ» የሚባል ማመልከቻ ቪዛ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለሆም ኦፊስ ያስገባል። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የሐኪም ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የኪራይ ውል ይያያዛል። ክልከላው ከተነሳ ያኔ ፒፑን በስፔሻል ሩልስ ታስገቢያለሽ። ይህን ግን ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ጋር ነው የምትሠሪው፣ ከፌስቡክ ደላላ ጋር አይደለም። አንቺ በራስሽ ስም ልትጠይቂ የምትችይውም ይኖራል፤ በሱ ምክንያት የሚጨመርልሽ ገንዘብ እንዳይኖር ግን መታየት አለበት። ስለዚህ እሱንም አማካሪው ሳያይ አትጀምሪ።

ሆስፒስን (የጽኑ ሕሙማን ማስታገሻ ማዕከልን) ደግሞ አትፍሪ። በጎ አድራጎት ሆስፒስ ቪዛ አይቶ አያስከፍልም።

---

ግላስጎው_ነኝ | ረቡዕ ማታ

ስኮትላንድ ላላችሁ፣ ይህ ሁሉ ሌላ ነው። እዚህ ፒፕ የለም፣ አደልት ዲሳቢሊቲ ፔይመንት ነው። ፎርሙም ባስሪስ ይባላል። ዋናው ልዩነት የወር ገደብ የለውም። 6ም አይልም 12ም አይልም። ሐኪም ወይም ነርስ በሽታው እየገፋ እንደሆነና ለሞት እንደሚያደርስ ካመነ ይበቃል። ሁለቱም ክፍሎች፣ ሞቢሊቲውም ጭምር፣ በከፍተኛው ይሰጣሉ። የአክስቴን ነርሷ ናት የሞላችላት፣ ሐኪም እንኳ አልጠበቅንም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሐሙስ ጠዋት

ከአሜሪካ ሰላም ብያለሁ። እዚህም ለሚያነቡ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም የኛ ሰው እዚህም እዚያው ላይ ነው የሚደናቀፈው።

በሶሻል ሴኩሪቲ ሁለት መንገድ አለ። ሠርተህ የከፈልክ ከሆነ ዲሳቢሊቲ ኢንሹራንሱ። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ኤስኤስአይ። ከ2008 ጀምሮ ኮምፓሽኔት አላዋንስ የሚባል ዝርዝር አለ፤ የቆሽት ካንሰር እዚያ ውስጥ ነው፣ ውሳኔው ይፈጥናል። የሚሞት ሰው ፋይል ደግሞ በውስጥ ምልክት ይደረግበትና ቅድሚያ ያገኛል። ሠራተኞቹ ታማሚው ላያውቅ ስለሚችል ቃሉን ፊቱ እንዳያነሱ ታዘዋል። እዚህም አስበውበታል ማለት ነው።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ውሳኔው ቢፈጥንም በኢንሹራንሱ መንገድ አምስት ሙሉ ወር ሳይከፈል ያልፋል። ለኤኤልኤስ (ከላይ ሞተር ኒውሮን ለተባለው በሽታ) ብቻ ነው በ2020 መጨረሻ የተነሳው። የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሱ ሜዲኬር ደግሞ ከዚያ በኋላ 24 ወር ይጠበቃል። ሰውየው ቀድሞ ይሞታል። ይህ ሕግ ያቃጥለኛል፣ ከልቤ።

ኤስኤስአይ ላይ ደግሞ የዲቪ ሰዎች ተጠንቀቁ። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። በጥቅሉ 40 ኳርተር፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል ሥራ ይፈልጋል። በትዳር ላይ ያለ ሰው የባል ወይም የሚስት ኳርተር ይደመርለታል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ተመልሶ ይወጣል። ሌላው ያመለከታችሁበትን ቀን አታዘግዩ። ኤስኤስአይ ወደ ኋላ ቆጥሮ አይከፍልም። ወረቀቱ ባይሟላም ደውላችሁ ቀኑን አስይዙ። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ አማርኛም አለ።

---

ሐና_ከአዲስ | ሐሙስ ማታ

ሁሉንም አነበብኩ። እኛ ጋ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የታመመው፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ። ሰው ይበልጥ ሲደክም ገንዘቡ ይበልጥ ይቀንሳል። ከዚያ የጡረታው መንገድ አለ፤ የሕክምና ቦርድ «መሥራት አይችልም» ብሎ ይወስናል፣ አሥር ዓመት ካገለገለ አበል ያገኛል። ወንድሜ አሥር አልሞላውም ነበር። ቦርዱ ፊት ለመቅረብ ራሱ ተሰልፎ መጠበቅ ነበረበት፤ እኔ ደግፌው፣ እህቴ ወንበር ተሸክማ።

እድራችን ጥሩ እድር ነው። ግን የሚደርሰው ከቀብር ጀምሮ ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ ለመድኃኒት ለሚያስፈልገው ገንዘብ በደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም። አሁን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ላነሳው ነው፣ ለጽኑ ሕመምተኛ አባል ከቀብሩ ገንዘብ ላይ ቀድሞ እንዲሰጥ። ልክ ግላስጎው ያለችው እህት እንዳለችው፣ ወር ሳይቆጠር።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየሄደ ሕመም ያስታግሳል። እነሱን ጠይቁ።

---

የማርያም_ልጅ | ከሁለት ሳምንት በኋላ

ተመልሼ መጣሁ። ተሳክቷል።

ለነርሷ «እሺ» አልኳት፤ እዚያው ፊቴ በኮምፒውተር ላከችው። ስልኩን ከመኪና ውስጥ ሆኜ ነው የደወልኩት፣ እማዬ እንዳትሰማ። ሴትየዋ «ስፔሻል ሩልስ» ስላት ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ፣ አልቸኮለችብኝም። ደረጃ መውጣት እንደማትችል፣ ከመኝታ እስከ መታጠቢያ ቤት ደግፌያት እንደምንሄድ ነገርኳት። ሁለቱም ክፍሎች በከፍተኛው ተፈቀዱ።

ቡናማው ፖስታ ሲመጣ ቤት ነበርኩ። እማዬ እጇ ላይ ይዛ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ስለታመምሽ በየሳምንቱ ገንዘብ ይሰጡሻል ይላል» አልኳት። «ስንት?» አለች። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ይህን ያህል የሚሰጡት በጣም ለታመመ ሰው ነው» አለች። ምንም አልመለስኩም። ሲስተር፣ እንዳልሽው ጠበቅኩ። ከዚያ «በይ ለአክስትሽ ደውይልኝ፣ የጎንደሩን ቤት ነገር እናውራ» አለች። ከሰዓት በኋላ በሙሉ አወሩ። ወንድሜ ደብተር ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ያለችውን ይጽፍ ነበር። ሰላም ክሮይደን፣ አንቺን አሰብኩሽ።

አሁን አዲስ ጥያቄ አለኝ። ጠበል ሀገር ቤት ሄጄ ልጠመቅ እያለች ነው። ሐኪሙ አሁን ባለችበት መብረር ትችላለች ብሏል። ገንዘቡ ይቋረጣል?

---

አድቮኬት_ኑርያ | በዚያው ዕለት

እንኳን ደስ አለሽ። ፒፕ ለጊዜው ከሀገር ለወጣ ሰው እስከ 13 ሳምንት ይቀጥላል። ለሕክምና ከሆነ እስከ 26፣ ጠበል ግን ለዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ 13 ብለሽ ያዢ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ደውለሽ አሳውቂ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ካላት እሱ በጣም አጭር ነው፣ በተለመደው አንድ ወር ብቻ። ኪራዩ በሱ ከሆነ የሚከፈለው ያንን አስልታችሁ ተመለሱ።

አንቺም በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትንከባከቢያት ከሆነ ኬረርስ አላዋንስ ማመልከት ትችያለሽ፣ እሷ ፒፕ ስላገኘች። ሰዓትሽን ቀንሰሽም ቢሆን እየሠራሽ ስለሆነ ግን የገቢ ጣሪያውን ተመልከቺ።

---

ሲስተር_ትዕግሥት | በማግስቱ

ሞርፊን ይዛችሁ ስለምትሄዱ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የጉዞው ቀን የተጻፈበት። ኤምባሲውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን እንጂ ከጓዝ ጋር እንዳይገባ። ጠበሉን ሲጠመቁ ብርድ እንዳይመታቸው፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጡ ለአባቶች አስቀድማችሁ ንገሩ። ሁለቱን አብረው የሚይዙ ታማሚዎች አሉኝ፣ አይጣሉም።

ለካንሰር ሕክምና የሚወስዱት መድኃኒት እንግሊዝ ውስጥ በነፃ መሆኑንም ታውቂያለሽ አይደል? የነፃ መድኃኒት ካርዱ ከሌላችሁ ከጂፒው (ከሰፈር ሐኪሙ) ፎርም ጠይቁ። ማክሚላን የሚባለው የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው ድጋፍ ካለም ነርሷን ጠይቂያት።

---

ዮናስ_74 | ከሳምንት በኋላ

ይህን ክር ያገኘሁት ጓደኛዬ ልኮልኝ ነው። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ የሳንባ ካንሰር። ፒፕ ለሱም ይሆናል?

---

አድቮኬት_ኑርያ | ከሳምንት በኋላ

ለጡረታ ዕድሜ ለደረሰ አዲስ አመልካች ፒፕ አይደለም፣ አቴንዳንስ አላዋንስ ነው። ኤስአር ዋኑ ያው ነው። ስድስት ወር መጠበቅ ይቀራል፣ ከፍተኛው መጠን ወዲያው ይሰጣል። ሞቢሊቲ ግን የለውም። እሱ ሳያውቅ ማመልከትም ይቻላል፣ ከላይ ሲስተር የጻፈችውን አንብብ።

---

ስሜ_ይቆይ | ከሳምንት በኋላ

ኑርያ፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ። ኢኤስኤው ተፈቀደ። መጀመሪያ ስልክ ላይ ያነጋገረኝ ሰው «ቪዛው አይፈቅድም» አለኝ። «ኒው ስታይል ነው፣ የከፈለበት ነው» አልኩት እንዳልሽኝ። ሄዶ ጠይቆ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀ። የክልከላውን ማመልከቻ ሕግ ማዕከሉ አስገብቶልናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

አሁን ችግሬ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሥራ ስገባ ብቻውን ይሆናል፣ መናወጡ ሲመጣ ሰው ያስፈልገዋል። አማርኛ የሚያወራ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እንግሊዝኛው እየጠፋበት ነው።

---

አቤል_ብሪክስተን | ከሳምንት በኋላ

ታላቅ እህቴ ሊድስ ናት፣ ጡረታ ወጥታለች። አሁን ደወልኩላት። ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች፤ ሽሮ ይበላ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችኝ። በግል መልእክት ስልክሽን ላኪልኝ።